ባለዕዳና ቁራኛው

ሰው በደዌ ተይዞ ከመኝታው መነሣት ሲያቅተው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» እንላለን። ቃሉን ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቁራኛ በቀድሞው ዘመን በአገራችን የፍርድ ሥርዓት አንዱ ክፍል ነበረ። ዕዳ አለበት ተብሎ የተከሰሰ ሰው የሚከፍለው ገንዘብና የሚጠራው ዋስ ያጣ እንደ ሆነ፥ ከባለገንዘቡ ጋር በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰር ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይለያዩም። ባለዕዳው ከዘመዶቹ ሊለምን ሲወጣ ባለገንዘቡ አብሮ ይወጣል፤ ባለገንዘቡ ለጉዳዩ ሲሄድም ባለዕዳው አብሮ ይሄዳል። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ይህን በዓይናቸው አይተው ጽፈዋል፤ በፎቶግራፍ ያነሡትም አሉ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እኔ የዚህን ቃል ታሪክ መመርመር የጀመርሁት ከትምህርት ፍቅር የተነሣ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እኔም በዘመኔ በቁራኛ ታስሬ ኖሬአለሁ። የእኔ ሰንሰለት በኪሴ የምይዘው ስልክ ነበረ።

በ2013 ዓ.ም. በአንዲት የወረዳ ከተማ አስተምር ነበር። ደመወዜ ግብርና ጡረታ ተቀንሶለት በወር 6000 ብር ያህል ይደርሰኛል። ባለቤቴም በቤታችን ጓዳ እንጀራ እየጋገረች ለጎረቤትና ለምግብ ቤት ትሸጥ ነበር። ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ኑሮ ቢሆንም፥ የማንም ዕዳ አልነበረብንም። በዚያው ዓመት እናቴ ታመመች። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንዞር መጀመሪያ ያጠራቀምናት አለቀች። ቀጥሎ ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር 24000 ብር ተበደርሁ፤ ዋስ የሆነኝ በሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ቀጥሎ ከአንድ ነጋዴ 30000 ብር በወር ከመቶ አሥር ወለድ ወሰድሁ። በመጨረሻም በስልክ የሚሰጠውን ብድር 5000 ብር ጨመርሁበት። የሰፈራችን ባለሱቅ ደግሞ በዱቤ መዝገቡ ላይ 4000 ብር ጽፎብኛል። እናቴ አልዳነችም። ከተቀበረች በኋላ የቀረልኝ ኀዘንና 63000 ብር ዕዳ ነው።

ስለ እናቴ ብዬ በመበደሬ አልተጸጸትሁም። የምጸጸተው ከዚያ በኋላ ባደረግሁት ነገር ነው፤ ተደበቅሁ። ማለዳ ፊቴን ሳልታጠብ ስልኩ ይጮኻል። በክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ሳለሁ በኪሴ ይንቀጠቀጣል። ማታ ለራት ስንቀመጥ እንደ ገና ይጮኻል። ከማላውቀው ቍጥር ሲደወልልኝ ልቤ ይመታ ነበር። በባለሱቁ ደጃፍ ላለማለፍ መንገዴን ለወጥሁ። ዋስ የሆነኝን ጓደኛዬን በሩቅ ሳየው ወደ ጐን እታጠፋለሁ። ለሰባት ዓመቱ ልጄም ስልኩን ሰጥቼ «አባቴ የለም በል» እለው ነበር። አንድ ቀን ምንም ሳልነግረው ስልኩን አንሥቶ «አባቴ የለም» አለና ዘጋው፤ ከዚያም እንዳመሰግነው ፊት ፊቴን ያየኝ ጀመር። እኔ መምህር ነኝ። ለልጄ በቤቱ ያስተማርሁት ትምህርት ይህ ሆነ።

ለነጋዴው በየወሩ 3000 ብር ወለድ እየሰጠሁ ስድስት ወር ቆየሁ፤ 18000 ብር ከፍዬ ዋናው 30000 እንዳለ ነበረ። በሰባተኛው ወር ቢያቅተኝ፥ ነጋዴው የባለቤቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ በመያዣ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። እኔም እሺ አልሁ። ምጣዱን ጠቅልዬ ከደጃፍ ሳወጣ የጎረቤታችን ሽማግሌ፥ በሰፈሩ ሁሉ የኔታ የሚባሉት፥ በአጥራቸው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አዩኝና ጠሩኝ።

«ይህ የማን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የባለቤቴ ምጣድ ነው፥ የኔታ። ዕዳ አለብኝ።»

«እርሱን ከሰጠህ ነገ በምን ትከፍላለህ?»

የምመልሰው አጣሁ። እርሳቸውም ከአጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩኝ፤ በኦሪት ሕግ በዘዳግም መጽሐፍ አበዳሪ ወፍጮንም መጅንም በመያዣ እንዳይወስድ ተከልክሏል፤ እህል የሚፈጭበትን የወሰደ ነፍስን እንደ ወሰደ ይቈጠራልና። አበዳሪው መያዣውን ለመቀበል ወደ ባለዕዳው ቤት ዘው ብሎ አይገባም፤ በውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ድኻው ልብሱን በመያዣ የሰጠ እንደ ሆነም ፀሐይ ሳይገባ ይመለስለታል፤ ሌሊት የሚለብሰው እርሱን ነውና። ይህን ነግረውኝ «ምጣዱ ወፍጮህ ነው፤ ወደ ቤት መልሰው» አሉኝ። መለስሁት።

በዚያ ሳምንት ወደ ትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሌሎች ሕዝቦችን ታሪክ እፈልግ ጀመር። ያገኘሁትንም በአጭሩ እነግርሃለሁ፤ ለእኔ መጽናኛም መምሪያም ሆኖኛልና።

የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ሕጉን በጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀርጿል። ይህ ድንጋይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በፋርስ አገር ሱሳ በተባለ ስፍራ መገኘት ጀመረ፤ ዛሬም በፓሪስ ከተማ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚያ ሕግ ባለዕዳ የሆነ ገበሬ እርሻውን ጎርፍ ቢወስድበት ወይም ውሃ አጥቶ እህሉ ቢቀርበት፥ በዚያ ዓመት ለአበዳሪው እህል አይሰጥም፤ የዓመቱንም ወለድ አይከፍልም። ሚስቱን ወይም ልጁን ስለ ዕዳው አሳልፎ የሰጠ ሰውም፥ የተሰጡት ሦስት ዓመት ሠርተው በአራተኛው ነጻ ይወጣሉ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ሰው ስለ ዕዳ ልጁን መስጠቱ የተለመደ ነገር ነበረ ማለት ነው፤ ሕጉ ያደረገው ለመከራው ድንበር ማበጀት ነው።

በግሪክ አገር በአቴና ድኻው ገበሬ ሲበደር የራሱን ገላ መያዣ ያደርግ ነበር። መክፈል ሲያቅተው ባሪያ ይሆናል፤ ወደ ባዕድ አገርም የተሸጡ ብዙዎች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ዓመት ሶሎን የተባለው ጠቢብ ሥልጣን በተሰጠው ጊዜ፥ ይህን ዕዳ ሠረዘ፤ ከዚያ ወዲያም ማንም ሰው ገላውን መያዣ አድርጎ እንዳይበደር ከለከለ። በመሬታቸው ላይ የቆመው የዕዳ ምልክት ድንጋይ ተነቀለ፤ በባዕድ አገር የተሸጡትም ተፈልገው እንዲመለሱ አደረገ። ባለጠጎቹ ዕዳችን ቀረብን ብለው፥ ድኾቹም መሬት አላካፈልኸንም ብለው ሁለቱም ወገኖች አጉረመረሙበት።

የሮማውያን ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ በጻፉት በአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ፥ የተፈረደበት ባለዕዳ 30 ቀን ይታገሡታል። በዚያ ጊዜ ካልከፈለ አበዳሪው ይዞ በእግር ብረት 60 ቀን ያስረዋል፤ በሦስት የገበያ ቀን ወደ አደባባይ ያወጣዋል፤ የሚቤዠው ከጠፋ ከቲቤር ወንዝ ማዶ ይሸጣል። ሊቪዩስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፥ ከዚህ ሕግ አስቀድሞ በ495 ዓመት አንድ ሽማግሌ ልብሱ ተቀዳዶ፥ ጠጕሩ ተንጨባሮ ወደ አደባባይ ወጣ። ብዙ ጦርነት የዘመተ ወታደር ነበረና በደረቱ ላይ የቍስል ጠባሳ ይታያል። እርሱ በዘመቻ ሳለ ጠላት ቤቱን አቃጠለበት፤ ከብቱን ነዳበት፤ በዚያው ላይ ግብር ተጠየቀ። ለግብሩ ተበደረ፤ ወለዱ እየተቈለለ መጀመሪያ የአያትና የአባቱን ርስት፥ ቀጥሎ የቀረውን ሀብቱን፥ በመጨረሻም ገላውን ወሰደበት። ልብሱን ገልጦ ጀርባውን ቢያሳይ ገና ያልደረቀ የጅራፍ ቍስል ነበረበት። ሕዝቡም ይህን አይቶ ተነሣ።

ይሁን እንጂ ሕጉ እስኪለወጥ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ። በ326 ዓመት ስለ አባቱ ዕዳ ራሱን አሳልፎ የሰጠ አንድ ወጣት በአበዳሪው ተዋርዶ፥ ተገርፎም ወደ አደባባይ በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ዳግመኛ ተነሣ። ያን ጊዜ ስለ ዕዳ መያዣ የሚሆነው የባለዕዳው ገንዘብ እንጂ ገላው እንዳይሆን ተደነገገ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ባለዕዳ ሰው ገንዘብ አለበት፤ ራሱ ግን የማንም ገንዘብ አይደለም። ይህች አንዲት ነገር ሕግ እስክትሆን የስንቱ ጀርባ ቈሰለ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በእንግሊዝ አገር ባለዕዳ በወኅኒ መታሰሩ እስከ ቅርብ ዘመን ቆይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. የታላቁ ደራሲ የቻርልስ ዲክንስ አባት 40 ፓውንድ ያህል ዕዳ መክፈል አቅቶት ማርሻልሲ በተባለው የባለዕዳዎች ወኅኒ ገባ። ልጁ ቻርልስ ያን ጊዜ ዕድሜው 12 ነበረ። ከትምህርት ቀርቶ በአንድ የጫማ ቀለም ፋብሪካ በሳምንት 6 ሽልንግ ያህል እየተከፈለው በቀለም ማሰሮ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። የአባቱንም መጻሕፍት እየወሰደ በመያዣ ያስቀመጠው እርሱ ነው። አባቱ ከጥቂት ወር በኋላ ወጣ፤ ልጁ ግን ኀፍረቱን እስከ ሞቱ አልረሳውም፤ ያደገባቸውን እነዚያን ወራት ከቅርብ ወዳጅ በቀር ለማንም አልተናገረም። እንግዲህ ታስሮ የማይሠራ ሰው በምን ይከፍላል? ይህ ጥያቄ የኔታ የጠየቁኝ ጥያቄ ነው። እንግሊዞች በ1869 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ ስለ ዕዳ መታሰርን፥ ከጥቂት ነገር በቀር፥ አስቀሩት።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በግብፅ በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት አራጣን ይከለክላል። ሰው ግን ሕጉን የሚያልፍበት መንገድ አላጣም። ወለድ አግድ የሚባለው ልማድ ይታወቃል፤ ባለዕዳው መሬቱን ወይም ቤቱን ለአበዳሪው ይለቃል፤ አበዳሪውም ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት በወለዱ ፈንታ ፍሬውን ይበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ሰውና ሰው በሚዋዋሉት ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድርም በጽሑፍ እንዲረጋገጥ አዘዘ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳው ንብረት በፍርድ ሲያዝ የሙያው መሣሪያ፥ ገበሬም ከሆነ ለእርሻው የሚያስፈልገው ከብትና ዘር፥ ለቤተሰቡም ለጥቂት ጊዜ የሚሆን ቀለብ እንዳይነካ አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። በኦሪት የተጻፈው ወፍጮና መጅ በእኛም ሕግ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን ሕጉ በአገሬ ተጽፎ ሳለ ምጣዱን ተሸክሜ ወጥቼ ነበር። ባሰላው ደግሞ፥ ሕጉ ለ30000 ብር በዓመት የሚፈቅደው ወለድ ከ3600 ብር አይበልጥም፤ እኔ በአንድ ወር 3000 እከፍል ነበር። አለማወቅም የዕዳ ያህል ያስከፍላል።

ከዚህ በኋላ አንድ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ዕዳችንን ሁሉ በአንድ ደብተር ገጽ ላይ ጻፍነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእርስዋ እንኳ ሁሉን አልነገርኋትም ነበር። እርስዋም አንብባ ጥቂት ዝም አለችና «እኔ ከዚህ የሚበልጥ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ያልተጻፈ ዕዳ በልብ ውስጥ ሲኖር መጠን የለውም፤ በተጻፈ ጊዜ ግን ቍጥር ይሆናል፤ ቍጥር ደግሞ ይቀነሳል። ከገጹ ራስ ላይ የቤት ቀለብን፥ የልጃችንን ወጪና ለእንጀራው ጤፍ መግዣውን አስቀደምን፤ እነዚህ ወፍጮአችን ናቸውና። ከዚያ በታች ለእያንዳንዱ አበዳሪ በወር ልንሰጥ የምንችለውን ጻፍን። የማንችለውን ተስፋ ለማንም ላለመስጠትም ተስማማን።

በማግሥቱ እነርሱ ሳይደውሉልኝ እኔ ደወልሁ። የስልኩን ብድር ለሚያስከፍለው ድርጅት ስደውል ያነሣችው በየቀኑ የምትጠራኝ ልጅ ነበረች። ድምፅዋን ስለምፈራው አረጋዊት አድርጌ እቈጥራት ነበር፤ ስትናገር ግን የተማሪዎቼ እኩያ መሆንዋን ዐወቅሁ። ሁሉን በነገርኋት ጊዜ «ጋሼ፥ ዛሬ በገዛ እጁ የደወለልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችኝ። ቀጥላም በቀን ይህን ያህል ሰው ካላስከፈለች ከአለቃዋ ቍጣ እንደሚያገኛት ነገረችኝ። ያን ጊዜ የቁራኛ ነገር ትዝ አለኝ። ሰንሰለቱ ሁለት ሰው ያስራል፤ እኔ በአንድ ጫፍ ስሸሽ በሌላው ጫፍ የምጐትተው ሰው ነበረ። በአምስት ወር 1000 ብር እየሰጠሁ ልጨርስ ተስማማን። ባለሱቁም በወር 500 ብር እሺ አለኝ፤ «መንገድ ስትቀይርብኝ እኔ ነበርሁ የማፍረው» ብሎም ወቀሰኝ።

ነጋዴው ግን ቀላል አልሆነም። የኔታና ሌላ ሽማግሌ አብረውኝ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ሕጉን ቢያነሡበት ተቈጣ፤ «እኔም ገንዘቤን ከጉድጓድ አላወጣሁትም» አለ። እኔም ተቈጥቼ ልነሣ ስል የኔታ እጄን ያዙኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ የወሰደው 18000 ብር ከግምት ገብቶ፥ ዳግመኛ ወለድ ሳይታሰብ 20000 ብር በ20 ወር እንድከፍለው በጽሑፍ ተዋዋልን፤ ሽማግሌዎቹም ፈረሙ። በየወሩ 1000 ብር ስሰጠው ደረሰኝ አስፈርመው ነበር።

የቀረው ጓደኛዬ ነው። እኔ ተደብቄ በከረምሁበት ጊዜ ማኅበሩ ከእርሱ ደመወዝ በወር 1500 ብር እየቈረጠ አራት ወር ወስዶበታል። የእርሱም ደመወዝ ከእኔ አይበልጥም፤ እርሱም ልጆች አሉት። ወደ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ በጠየቅሁት ጊዜ «ብትነግረኝ እኮ አብረን እንሄድ ነበር» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረኝም። የማኅበሩን ቀሪ እኔው መክፈል ጀመርሁ፤ የእርሱንም 6000 ብር በ2016 ዓ.ም. ጨርሼ ሰጠሁት። ቈጥሮ «ልክ ነው» አለና በኪሱ ከተተው። ዛሬ በመንገድ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። እንደ ድሮው ቡና ጠርቶኝ ግን አያውቅም፤ እኔም አልፈርድበትም። ገንዘብ ይመለሳል፤ በመደበቅ የጠፋ እምነት ግን በወር ክፍያ የሚመለስ አይደለም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ ደመወዝተኛ ትሆናለህ፤ ቤተሰብ ትመሠርታለህ፤ ያልጠበቅኸው ነገር ይመጣብህና ትበደር ይሆናል። መበደር ነውር አይደለም፤ ያበደረህንም ሰው እንደ ጠላት አትቍጠረው፤ የተበደርኸውን መክፈል ግዴታህ ነው። ነገር ግን ዕዳ የበዛብህ እንደ ሆነ ሦስት ነገር አስብ። በመጀመሪያ በሙሉ ጻፈው፤ ለትዳር ጓደኛህና ዋስ ለሆነህ ሰውም ሳትደብቅ ንገር። ሁለተኛ፥ የምትሠራበትን መሣሪያና የልጆችህን ቀለብ ለማንም በመያዣ አትስጥ፤ ሕጉንም ጠይቀህ ዕወቅ። ሦስተኛ፥ ስልኩን አንሣ፤ የምትችለውን ተናገር፤ በተናገርኸው ቀን ክፈል። ሐሙራቢም ሶሎንም፥ ኦሪትም የሮማ ሕዝብም የባለዕዳውን ገላ ከሰንሰለት ለማውጣት ብዙ ደክመዋል። እነርሱ የፈቱትን ሰው እኛ መልሰን በኀፍረት አንሰረው።

የእኔ ልጅ አሁን ከፍ ብሏል። ስልኬ ሲጮኽ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔም እርሱ እያየ አነሣዋለሁ።